ፖትስዳምን በአንድ ቀን፦ ስለ ሳንሱሲ፣ ስለ አትክልት ስፍራዎቹና ስለ ቤተ መንግሥቶቹ ጥያቄና መልስ

በርሊን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ እንግዳ በመጣልኝ ቁጥር ይዤ የምሄደው በርሊን አጠገብ ወዳለችው ወደ ፖትስዳም ከተማ ነው። በአበባውም በበረዶውም ወራት አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ስለነበር የመጡትን ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በጋ የምለው የአውሮፓን ሞቃት ወቅት፣ ክረምት የምለው ደግሞ ብርዱን ነው። ሰዓቱን ግን በእኛው ነው የጻፍኩት፤ ትኬታችሁ ላይ 10:00 የሚለው እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ አትሳሳቱ።

ጥያቄ፦ እህታችን ሰላም ነሽ? ለሥራ በርሊን እመጣለሁ፤ ነፃ የምሆነው አንድ ቀን ብቻ ነው። በአንድ ቀን ስንት ቤተ መንግሥት ማዳረስ ይቻላል?

መልስ፦ ሰላም ነኝ ወንድሜ። በር እየቆጠርክ ከሄድክ አራትም አምስትም ታዳርሳለህ። ማታ ሆቴልህ ስትገባ ግን የትኛው ባለ ወርቅ ክፍል የየትኛው ቤት እንደነበር ይምታታብሃል። እኔን ከሰማኸኝ ከውስጥ አንድ ብቻ እይ፤ የቀረውን ቀን ለአትክልት ስፍራዎቹ ስጣቸው። ፖትስዳም ላይ ትልቁ ሥራ የተሠራው መሬቱ ላይ ነው። ቤቶቹ ከዚህ ኮረብታ ምን ይታያል፣ ከዚያ ሐይቅ ማዶስ ምን ይታያል ተብሎ ታስቦባቸው የተቀመጡ ናቸው። ዩኔስኮም በ1990 ሲመዘግባቸው 500 ሄክታር ፓርክና ከ1730 እስከ 1916 የተሠሩ 150 ሕንፃዎችን አንድ ላይ አድርጎ እንጂ ቤተ መንግሥቶቹን ለብቻ ነጥሎ አይደለም።

ጠዋቱን ሳንሱሲ የሚባለው ቤተ መንግሥት ባለበት በሳንሱሲ ፓርክ አሳልፍ። ምሳህን ከተማው መሃል የሆላንዶች ሰፈር ብላ፤ በ1730ዎቹ ለሆላንድ የእጅ ባለሙያዎች ተብሎ መሠራት የጀመረ የቀይ ጡብ ቤቶች ሰፈር ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኖየር ጋርተን፣ ማለትም "አዲሱ የአትክልት ስፍራ" ሂድ። ለአንድ ቀን ይህ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከበርሊን እንዴት ይኬዳል? ትኬቱ ያደናግራል ይላሉ።

መልስ፦ "አር ኢ 1" የሚባለው ባቡር ከበርሊን ዋና ጣቢያ ወደ 25 ደቂቃ ይወስዳል። "ኤስ 7" የሚባለው የከተማ ባቡር ይዘገያል፤ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለቱም ፖትስዳም ዋና ጣቢያ ያደርሳሉ።

ትኬቱ ላይ ግን ልብ በሉ። በርሊን ውስጥ የምንጠቀምበት የ"ኤ" እና "ቢ" ዞን ትኬት ነው፤ ፖትስዳም "ሲ" ዞን ውስጥ ናት። ሦስቱንም የሚያጠቃልለውን የቀን ትኬት ግዙ፤ ፖትስዳም ውስጥ ያለውን አውቶቡስና ትራምም ይሸፍንላችኋል። ከማሽን የገዛችሁት የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ትንሽ ሳጥን ማኅተም አስመቱበት። እኔ የመጀመሪያ ዓመት በሁለት ዞን ትኬት ተሳፍሬ ተቆጣጣሪ አገኘኝና 60 ዩሮ ከፍያለሁ። አላወቅሁም ማለት አያድንም።

ከፖትስዳም ጣቢያ 695 ቁጥር አውቶቡስ ሳንሱሲ ቤተ መንግሥት በር ድረስ ይወስዳችኋል፤ ከዚያም አልፎ በዚያው ፓርክ ሌላ ጫፍ ያለው አዲሱ ቤተ መንግሥት ይደርሳል።

ጥያቄ፦ እኔ "ካስል" ሲባል የሚመጣብኝ ግንብ፣ ማማ፣ የውሃ ቦይና የሚነሳ ድልድይ ያለው ነው። የሳንሱሲን ፎቶ ሳየው ግን ቢጫ ቪላ ይመስላል። ይሄ ካስል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጀርመኖች ሁለት ቃል አላቸው፤ "ቡርግ" ጠላት ለመከላከል የተሠራ ምሽግ ነው፣ "ሽሎስ" ደግሞ መኖሪያ ቤተ መንግሥት። ፖትስዳም ያሉት ሁሉ ሽሎስ ናቸው። የምሽግ ናፍቆትህን የሚያስታግስልህ ባቤልስበርግ ነው፤ ከ1833 ጀምሮ በእንግሊዝ ጎቲክ አምሳል ለልዑል ዊልሄልም፣ በኋላ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ለሆነው፣ የተሠራ ባለ ማማ ቤት ነው። ማማዎቹ ግን ለውጊያ አይደሉም፤ ከውሃው ማዶ ላለ ሰው ዓይን እንዲያምሩ ነው የቆሙት።

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ ግቡ ካልሽ የቱ ይሻላል? ሳንሱሲ ወይስ አዲሱ ቤተ መንግሥት? እኛ የምንመጣው ሰኞ ነው።

መልስ፦ ሰኞ ከሆነ ምርጫው ተመርጦላችኋል፤ ሳንሱሲ ሰኞ ዝግ ነው። አዲሱ ቤተ መንግሥት የሚዘጋው ማክሰኞ ነው። ፓርኩ ራሱ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ክፍት ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ በፈቃዳችሁ መዋጮ መስጠት ትችላላችሁ።

በሌላ ቀን ለሚመጣ ሰው ግን ያለ ማመንታት ሳንሱሲ እላለሁ። ስሙ ፈረንሳይኛ ሲሆን "ያለ ጭንቀት" ማለት ነው። ታላቁ ፍሬድሪክ የሚባለው የፕሩሲያ፣ ያኔ የነበረችው የጀርመን መንግሥት፣ ንጉሥ ከ1745 እስከ 1747 ያሠራው የበጋ ቤቱ ነው። ፎቅ የለውም፤ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። አርክቴክቱ ክኖቤልስዶርፍ ቤቱ ከታች ለሚመጣ ሰው ጎልቶ እንዲታይ መሠረቱን ከፍ እናድርገው ብሎ ነበር፤ ንጉሡ እምቢ አለ። ከክፍሉ ወጥቶ ደረጃ ሳይወርድ በቀጥታ አትክልቱን መርገጥ ፈለገ። ለዚህ ነው ከታች ከፏፏቴው ስር ቆማችሁ ስታዩት የቤቱ ግርጌ የሚደበቅባችሁ። ይህንን አውቆ የሚገባ ሰው ክፍሎቹን በሌላ ዓይን ያያቸዋል፤ መስኮቶቹ ከላይ እስከ ወለል የወረዱት ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አዲሱ ቤተ መንግሥት ተቃራኒው ነው፤ ከሁለት መቶ በላይ ክፍሎች አሉት። የሰባት ዓመቱ ጦርነት እንዳበቃ በ1763 ተጀምሮ በ1769 አለቀ። ፕሩሲያ በጦርነቱ አልደቀቀችም ብሎ ለዓለም ለማሳየት የተሠራ ነው፤ ፍሬድሪክ ራሱ "ፋንፋሮናድ"፣ ማለትም ጉራ፣ ብሎታል። የሚያስደንቀኝ የዋሻ አዳራሽ የሚባለው ነው፤ ግድግዳው በሙሉ በባሕር ዛጎልና በማዕድን ድንጋይ ተለብጧል። ልጆች ከዚያ አዳራሽ መውጣት አይፈልጉም።

የሁለቱም ትኬት የመግቢያ ደቂቃ ተጽፎበታል። በበጋ ቅዳሜና እሑድ ሳንሱሲ ቶሎ ስለሚያልቅ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ፤ ደቂቃው ካለፈባችሁ ላያስገቧችሁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በፎቶ አንድ የድንጋይ መቃብር ላይ ድንች ተደርድሮ አየሁ። እውነት ነው? ለምን?

መልስ፦ እውነት ነው። የፍሬድሪክ መቃብር ነው፤ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው የላይኛው እርከን ዳር፣ ሰው ሳያየው በሚያልፍበት ቦታ ነው ያለው። በ1756 ለሹማምንቱ ትእዛዝ አውጥቶ ገበሬው ድንች እንዲተክል አድርጓል፤ ሰው ድንች የሚያኖርለት ለዚያ መታሰቢያ ነው። አበባም የሚያስቀምጥ አለ፣ ድንቹ ግን አይጠፋም።

የመቃብሩ ታሪክ ከድንቹ ይልቅ ልብ ይነካል። ፍሬድሪክ እዚያው እርከን ላይ፣ ከሚወዳቸው ውሾቹ አጠገብ፣ ያለ ሥነ ሥርዓት እንዲቀበር ተናዝዞ ነበር። ነሐሴ 17 ቀን 1786 ሳንሱሲ ውስጥ በወንበሩ ላይ እንዳለ ሞተ። አልጋውን የወረሰው የወንድሙ ልጅ ግን ለንጉሥ አይገባም ብሎ ከተማው ውስጥ በጦር ሠራዊቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ከፍሬድሪክ አባት ጎን አስቀበረው። እነዚያ አባትና ልጅ በሕይወት ሳሉ እንዴት እንደተቆራረጡ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ሬሳ ሳጥኖቹን ከቦምብ ለማዳን የጨው ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ደበቋቸው፤ ከዚያ ወደ ማርቡርግ፣ ከማርቡርግ ወደ ሆሄንዞለርን ግንብ ተወሰዱ። ኑዛዜው የተፈጸመው ነሐሴ 17 ቀን 1991 ነው፤ ልክ በ205 ዓመቱ። አሁን ውሾቹ ጎን ተኝቷል። ድንጋዩ ላይ ከስሙ በቀር ምንም የለም። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ጥቂት ደቂቃ እቆማለሁ።

ጥያቄ፦ ንጉሡ ሳንሱሲ አጠገብ ያለው ወፍጮ ድምፁ ረብሾት ሊያፈርሰው ሲል የወፍጮው ባለቤት "በርሊን ዳኛ አለ" አለው የሚባለው ታሪክ በእርግጥ ተፈጽሟል?

መልስ፦ አፈ ታሪክ ነው። የነፋስ ወፍጮው ከቤተ መንግሥቱ በፊት እዚያ ነበረ፤ ንጉሡ የገጠር መልኩን ይወደው ነበር እንጂ ሊያፈርሰው አልሞከረም። ከበስተጀርባው ግን አንድ እውነተኛ ጉዳይ አለ። አርኖልድ የሚባል የሌላ ቦታ ወፍጮ ባለቤት ውሃ ተወሰደብኝ ብሎ ከሶ ተረታ፤ ፍሬድሪክ በ1779 ዳኞቹ ድሃ በድለዋል ብሎ ከሥራ አባረራቸው፣ አሳሰራቸውም። ንጉሡ ከሞተ በኋላ ሲታይ ዳኞቹ ትክክል ነበሩ። እንግዲህ አፈ ታሪኩ ንጉሥ ለሕግ ሲገዛ ያሳያል፤ የተፈጸመው ደግሞ ሕግ በንጉሥ ሲጣስ ነው። ይህንን ለእንግዶቼ ሳልነግር ወፍጮው አጠገብ አላልፍም። አሁን የምታዩት ወፍጮ በ1945 ተቃጥሎ በ1990ዎቹ እንደገና የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ሄጄ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከቤቶቹ በቀር ዛፍና ሣር ነው ያየሁት። ስለ አትክልቱ ያን ያህል የሚወራው ምኑ ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ እህቴ፤ እኔም የመጀመሪያ ቀን ያየሁት ዛፍና ሣር ብቻ ነበር።

ሳንሱሲ ውስጥ በሁለት የተለያየ ዘመን የተሠራ አትክልት አለ። አንደኛው የፍሬድሪክ ነው፤ በመሃል ገመድ የተዘረጋ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። ዋናው ጎዳና ሁለት ኪሎ ሜትር ከመንፈቅ ገደማ ሳይጣመም ፓርኩን ከዳር እስከ ዳር ይሰነጥቃል። ቤቱ ያለበት ኮረብታ በስድስት እርከን ተቆርጦ ወይን ተተከለበት። የሰሜን ብርድ ወይን አይወድምና ግድግዳዎቹ ወደ ደቡብ ፀሐይ እንዲያዩ ተደርገው በመጠኑ ወደ ውስጥ ጎበጡ፤ ሙቀቱ እዚያ ይጠራቀማል። በግድግዳዎቹ ውስጥ በድምሩ 168 ባለ መስታወት በር ክፍተቶች አሉ፤ ውስጣቸው በለስና ወይን ይበቅላል፤ ብርድ ሲመጣ በሮቹ ይዘጋሉ። ሰው ደረጃውን ለፎቶ ሲወጣ መስታወቶቹን መስኮት ብቻ አድርጎ ያልፋቸዋል። በነሐሴ መጨረሻ ብትሄጂ በመስታወቱ ውስጥ ፍሬውን ታያለሽ።

ሁለተኛው የፔተር ዮሴፍ ሌኔ ነው። ይህ አትክልተኛ በ1816 ፖትስዳም መጣ፤ እስከ ሞተበት 1866 ድረስ ለሃምሳ ዓመት ሠራ። በ1833 የፖትስዳምን ዙሪያ በሙሉ አንድ የአትክልት ስፍራ የሚያደርግ ዕቅድ አወጣ። የሌኔ መንገድ ቀጥ አይልም። በዝግታ ይጣመማል፣ በዛፍ ይጋረዳል፣ ከዚያ ድንገት ይከፈታል፤ የተከፈተበት ቦታ ላይ በርቀት አንድ ጉልላት፣ አንድ ማማ ወይም የውሃ ብልጭታ ይቆያል። ዛፎቹ እንደ መጋረጃ ናቸው። ስለዚህ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ቁሚና ሣሩ ረጅም ሆኖ የተዘረጋበትን አቅጣጫ እዪ። ጫፉ ላይ ያለ ነገር ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው።

በአንድ ቦታ ልታረጋግጪው ከፈለግሽ በሳንሱሲ ቤት በስተ ሰሜን፣ በጀርባው ማለት ነው፣ በግማሽ ክብ የቆሙት ዓምዶች መሃል ቁሚና ወደ ፊት እዪ። ኮረብታ ላይ የፈረሱ የሮማ ዓምዶች ይታዩሻል። ያ ፍርስራሽ ጥንት የፈረሰ አይደለም፤ በ1748 ፈርሶ እንዲታይ ተደርጎ የተሠራ ነው! ከሥሩ ደግሞ የፏፏቴዎቹ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ።

ጥያቄ፦ ውሃውን ካነሳሽ አይቀር፣ ከተማው ውስጥ ወንዝ ዳር መስጊድ አየሁ። የማን ነው?

መልስ፦ መስጊድ አይደለም፤ የፏፏቴው ፓምፕ ነው። ፍሬድሪክ ከቤቱ ስር ትልቅ ፏፏቴ ሽቅብ እንዲወረወርለት ሲመኝ ኖረ፤ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰበት፣ ቧንቧዎቹ ግን ግፊቱን አልቻሉም። ሲፈናጠር እንደተመኘው ሳያየው ሞተ። ከእሱ ብዙ ዘመን በኋላ የነገሠው ፍሬድሪክ ዊልሄልም አራተኛ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሃፈል ወንዝ ዳር የእንፋሎት ሞተር አስተከለ። አርክቴክቱ ፔርሲዩስ የሞተሩን ቤት በመስጊድ አምሳል ሠራው፤ ሚናሬው የጭስ ማውጫ ነበር። ሞተሩ ውሃውን ወደዚያ የውሸት ፍርስራሽ ኮረብታ ይገፋዋል፤ ከኮረብታው በራሱ ክብደት ወርዶ ፏፏቴው በ1842 ወደ 38 ሜትር ያህል ሽቅብ ተወረወረ። አሁን ፓምፑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ለአንድ ፏፏቴ ስንት ትውልድ እንደደከመ ሳስብ ያ ውሃ ሲወርድ ማየት አይሰለቸኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ ሰባውን አልፏል፤ ጉልበቴም ያመኛል። ልጆቼ ሊወስዱኝ ይላሉ። ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት እወጣዋለሁ?

መልስ፦ ደረጃውን መውጣት የለብዎትም አባቴ። በ695 አውቶቡስ ይሂዱና ሳንሱሲ ቤተ መንግሥት የሚለው ፌርማታ ይውረዱ፤ የሚያወርድዎት ከላይ፣ በቤቱ ጀርባ፣ ወፍጮው አጠገብ ነው። ከዚያ በደልዳላ መንገድ ጥቂት ሄደው ከእርከኑ አናት ይደርሳሉ። አትክልቱ ከታች ተዘርግቶ የሚታየው ደግሞ ከዚያው ስለሆነ ምንም አይቀርብዎትም። ታች መውረድ ካማረዎት ከደረጃው ግራና ቀኝ ተዳፋት መንገድ አለ፤ ለመውጣት ግን ያደክማል፤ ባይወርዱ ይሻላል። መንገዶቹ ጠጠር ናቸውና ጫማዎ ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ ምርኩዝ ቢይዙም ጥሩ ነው። ከዚያ ያንኑ አውቶቡስ ተሳፍረው አዲሱ ቤተ መንግሥት ድረስ በመቀመጫዎ ሆነው ይሂዱ። አግዳሚ ወንበር በየቦታው አለ፤ አይቸኩሉ፣ ልጆችዎም አያስቸኩሉዎት።

ጥያቄ፦ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ አንዱ በጋሪ ነው። ሣር ላይ ጨርቅ ዘርግተን ምግብ መብላት ይቻላል? ብስክሌትስ?

መልስ፦ ሳንሱሲ ውስጥ ሣሩን መርገጥ አይፈቀድም፤ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ብሉ። ብስክሌትም ምልክት በተደረገባቸው ጥቂት መንገዶች ላይ ብቻ ነው። ጋሪው ጎማው ትንሽ ከሆነ ጠጠሩ ያስቸግርሻል። ለልጆች የምመክረው የቻይና ቤት የሚባለውን ነው፤ ክብ ሆኖ ዙሪያውን ሻይ የሚጠጡና ሙዚቃ የሚጫወቱ በወርቅ የተቀቡ የድንጋይ ሰዎች አሉበት፤ ልጆቹ ቤቱን እየዞሩ እነሱን ሲቆጥሩ አንቺ ታርፊያለሽ። ከዚያ ሽቅብ ስትወጡ የድራጎን ቤት አለ፤ ጣሪያው ላይ 16 ድራጎኖች ተቀምጠዋል፤ ውስጡ ካፌ ነው።

ጥያቄ፦ ድሮን ይዤ መምጣት እችላለሁ? የሠርግ ፎቶስ?

መልስ፦ ድሮን አይቻልም። ለራስህ የምታነሳው የውጭ ፎቶ ችግር የለውም፤ ለሥራ የሚነሳ ፎቶ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ፍላሽና ትራይፖድ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ታኅሣሥ ላይ ነው ዕረፍቴ። በዚያ ብርድ መሄድ ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው፣ ግን ሌላ ፖትስዳም ነው የምታየው። ፏፏቴዎቹ አይሠሩም፤ የዕብነ በረድ ሐውልቶቹ ከበረዶ እንዲጠበቁ የእንጨት ሳጥን ተገጥሞላቸው ይቆማሉ፤ እንደ ቻይና ቤትና እንደ ሥዕል ቤቱ ያሉትም በክረምት ዝግ ናቸው። በማሰሮ ያሉት የብርቱካንና የዘንባባ ዛፎች ኦራንዠሪ ወደሚባለው ረጅም የመስታወት ቤት ይገባሉ፤ ዛሬም እንደ ድሮው እዚያ ይከርማሉ። በምትኩ ቅጠል ስለሚረግፍ ሌኔ ያሰመራቸው እይታዎች ከምንጊዜውም በላይ ይገለጣሉ፤ ሰውም የለም። ጀንበር ግን 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ደርሰህ ጀምር። በሰኔ የመጣ ሰው እስከ ማታ 3 ሰዓት ብርሃን አለው።

እኔ አንድ ወር ምረጪ ብባል ግንቦትን ወይም ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ እነዚህም እንደ አውሮፓ ቆጠራ ናቸው።

ጥያቄ፦ የስታሊን፣ የትሩማንና የቸርችል ስብሰባ የተደረገበትን ቤት ማየት እፈልጋለሁ። አብሮ ይካተታል?

መልስ፦ ሴሲሊየንሆፍ ይባላል፤ ከሰዓት በኋላ በምትሄዱበት በኖየር ጋርተን ጫፍ ላይ ነው። ከከተማው መሃል 603 ቁጥር አውቶቡስ ያደርሳል። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ውስጡ ለረጅም ጥገና ስለተዘጋ ከመሄዳችሁ በፊት ተከፍቶ እንደሆነ አጣሩ፤ ዝግ ቢሆንም ከውጭ ማየቱ ይበቃል ባይ ነኝ።

ቤቱ ከ1913 እስከ 1917 ለመጨረሻው አልጋ ወራሽና ለሚስቱ ለሴሲሊ በእንግሊዝ የገጠር መኖሪያ አምሳል ተሠራ። 176 ክፍሎች አሉት፤ ከጣሪያው የወጡት 55 የጡብ ጭስ ማውጫዎች አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ከሐምሌ 17 እስከ ነሐሴ 2 ቀን 1945 ሦስቱ መንግሥታት የተሸነፈችውን ጀርመን ዕጣ እዚያ ተነጋገሩበት። ቸርችል በመሃል ምርጫ ተሸንፎ ወንበሩን ለአትሊ ለቀቀ። ክቡ ጠረጴዛ ከሞስኮ የመጣ ነው፤ ወርዱ ሦስት ሜትር ይሆናል። ግቢው መሃል በቀይ አበባ የተተከለውን ትልቅ ኮከብ ደግሞ ሶቪየቶች ናቸው ለስብሰባው ያስተከሉት።

እኔን ግን ከስብሰባው ይበልጥ የሚያሳዝነኝ በኋላ የሆነው ነው። በ1961 የበርሊን ግንብ ሲቆም የምሥራቅ ጀርመንና የምዕራብ በርሊን ድንበር በእነዚህ ሐይቆች ላይ ያልፍ ነበርና ግንቡ በኖየር ጋርተን ዳርቻ አለፈ፤ ሴሲሊየንሆፍ ቆሞ ሐይቁን ማየት ተከለከለ። በባቤልስበርግ ፓርክም ሌኔና ሌላው የአትክልት ነዳፊ ልዑል ፑክለር የደከሙበት የውሃ ዳር ተቆርጦ፣ መርዝ ተረጭቶ የጥበቃ መስመር ሆነ። ማዶ ሳክሮቭ በሚባለው መንደር ያለችው የአዳኙ ቤተ ክርስቲያን በ1844 ውሃ ላይ እንደቆመች መርከብ ሆና የተሠራች ነች፤ ድንበሩ መሃል ቀርታ ውስጧ ወደመ። ከ1990 በኋላ አትክልተኞቹ የሌኔን አሮጌ ካርታዎች ይዘው መሬቱን እየቆፈሩ የጠፉትን መንገዶች መስመር በመስመር መለሷቸው። ዛሬ ያለ ሐሳብ የምትሄዱበት የሐይቅ ዳር መንገድ ይህ ነው።

ኖየር ጋርተን ውስጥ የዕብነ በረድ ቤተ መንግሥት የሚባለውን ቀይ ቤት ስታዩ አጠገቡ ሐይቁ ዳር ግማሹ መሬት የሰመጠ የሮማ ቤተ መቅደስ ታገኛላችሁ። የንጉሡ ወጥ ቤት ነበር። ራቅ ብላ የቆመችው ትንሽ ፒራሚድ ደግሞ የበረዶ ማስቀመጫ ነበረች።

ጥያቄ፦ መጨረሻችንን የት እናድርግ? በርሊን የምንመለሰው ማታ ነው።

መልስ፦ ግሊኒከ ድልድይ ላይ። ከሴሲሊየንሆፍ በሐይቁ ዳር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የእግር መንገድ ትደርሳላችሁ። በ1907 የተከፈተው የብረት ድልድይ ነው፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ድንበሩ በመሃሉ ያልፍ ነበር። የካቲት 10 ቀን 1962 አሜሪካኖች የሶቪየቱን ሰላይ አቤልን ሰጥተው አውሮፕላን አብራሪያቸውን ፓወርስን የተቀበሉት እዚህ ነው። ድልድዩ መሃል ቁሙና ዙሪያውን እዩ፤ በአንድ በኩል ባቤልስበርግ ከነማማዎቹ፣ በሌላው ሳክሮቭ፣ ከበስተጀርባችሁ የግሊኒከ ፓርክ። ሌኔ በ1833 ወረቀት ላይ ያገናኛቸው እነዚህን ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ብትደርሱ ውሃው ሁሉንም መልሶ ያሳያችኋል።

ድልድዩ አጠገብ 93 ቁጥር ትራም ይነሳል፤ በቀጥታ ፖትስዳም ዋና ጣቢያ ያደርሳችኋል። ከዚያ ያው "አር ኢ 1" ነው፤ ትኬታችሁን እስክትወርዱ ድረስ አትጣሉት።